ወለላይት የምታርፍበት ቀን

በሽንብርማ ጊዮርጊስ ደብር በሬ የማይጠመድበት ቀን በሬ ከሚጠመድበት ይበዛ ነበር። ልደታ አለ፣ አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ ሚካኤል አለ፤ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ባለወልድ፤ ቅዳሜና እሑድን ሳልጨምር ነው። በነዚህ ቀናት ሞፈር የነካ ሰው ማሳውን በረዶ ይመታበታል። ይህ እንግዲህ የወንዶቹ በዓል ነው። ሴቶቹ በልደታም በአቦም ያው እንስራቸውን አዝለው ቁልቁል ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፣ ያው እንስራቸውን አዝለው ሽቅብ ይወጣሉ። ዛሬ በዓል ነው ብሎ ያልተጠማ ባል በአገራችን ተሰምቶ አይታወቅም።

ይህን ያልኩት እትዬ አቻምየለሽን ለማስተዋወቅ ነው። እኔ የደረስኩባቸው ጥርሳቸው አልቆ፣ ምላሳቸው ብቻ እንደ ድሮው ስል ሆኖ ነው። የማወራው ግን በሃምሳ ሰባትና በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግድም የሆነውን፣ እናቴና አባቴ እየተቀባበሉ ሲያወሩ የሰማሁትን ነው። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ይነግሩኛል። እኔ እናቴን አምናለሁ፤ አባቴ እንስራ የሰበረባትን ክፍል ሁልጊዜ ይዘልላታልና።

ደብራችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ከጉብታ ላይ፣ ወንዙ ከገደል ሥር። ማን እንደዚያ እንደሠራው አላውቅም፤ የሠራው ግን ውሃ የሚቀዳ ሰው አልነበረም። እትዬ አቻምየለሽ ባላቸው በወባ ሞተው፣ ልጃቸው ቡሬ ተድራ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ቁራሽ የርስት መሬት አለቻቸው፣ በሬ የላቸውም። ነገር ግን መሬታቸው ጦሙን አድሮ አያውቅም፤ ምክንያቱ ደግሞ ተረት ነው።

ጤፍ ማረም ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ወንፈሉ ተሰልፎ፣ አጎንብሶ፣ እየነቀለ ወደ ፊት ይሄዳል። እትዬ አቻምየለሽ ከሰልፉ መሃል ይገቡና ተረት ይጀምራሉ፤ ድምፃቸውን ግን ዝቅ ያደርጉታል። ወደ ኋላ የቀረ አይሰማም። ተረቱ ሊጥም ሲል እጃቸውን ያፈጥናሉ፣ ያን ጊዜ ሰልፉም አብሮ ይፈጥናል። በዚህ ዘዴ ሰፊ ማሳ ሳይታወቅ ያልቃል። ስለዚህ ወንፈል የሚጠራ ገበሬ ሁሉ አስቀድሞ የሚለማመጠው እሳቸውን ነበር፤ በምላሹ መሬታቸውን ያርስላቸዋል። ሰው በጉልበቱ ይበደራል፣ እሳቸው በምላሳቸው ይበደሩ ነበር።

በነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል፣ የባዬ ጤፍ ይታረማል። ባዬ ማለት ሰፊ መሬት ያለው፣ ማረፍ የሚባል ነገር የሚያስቆጣው፣ ደግ ሆኖ ደግነቱን እንደ ነውር የሚደብቅ ገበሬ ነበር። እናቴ ማሚቱ ከሰልፉ ውስጥ አለች። አዲስ ሙሽራ ናት፣ ነፍሰ ጡርም ናት፤ ከሆዷ ያለሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን እትዬ አቻምየለሽ ድሮ አውርተውት የማያውቁትን ተረት አነሡ።

«ከሰባት ደጋ ማዶ፣ ከሰባት ቆላ ወዲያ አዳልጥ የሚባል አገር አለ» አሉ። «እዚያ ወንዝ ቁልቁል አይወርድም፣ ሽቅብ ይወጣል። ስሟ ወለላይት ይባላል። ጠዋት ከገደል ሥር ትነሣና በየሰዉ ደጅ ትዞራለች። ማድጋውን ትሞላለች፣ ከብቱን ታጠጣለች፣ የሕፃናቱን ፊት ታጥባለች፣ ሲመሽ ተራራው ራስ ላይ ወጥታ ትተኛለች። የአዳልጥ ሰው ሲምል በሷ ነው፣ ሲመርቅም በሷ። ካህናቷ እንቁራሪቶች ናቸው፤ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ሌሊቱን ሙሉ ይቆሙላታል።»

«ዛዲያ አንድ ቀን ዳገቱ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ሰዉ ተሰብስቦ ምን ሆንሽ ቢላት ‹ከተፈጠርሁ ጀምሮ ዳገት ነኝ። በወር አንዲት ቀን ልረፍ› አለች። ‹ውሃውንስ ማን ያምጣ?› ሲሏት ‹ጺም ያለው› አለቻቸው።»

ሴቶቹ ሳቁ። አረሙ ግን አልቆመም።

«የአዳልጥ ወንዶችም እንዲሁ ሳቁ» አሉ እትዬ አቻምየለሽ። «ወለላይት ግን አልሳቀችም። የሳቁትን ሰዎች ማሳ በበረዶ መታችው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ፣ ገብርኤል ሊሆን ሲል በዋዜማው፣ ወንዶቹ እንስራ አዝለው ይወርዳሉ። ሴት የዚያን ቀን ወደ ወንዝ አትሄድም።»

ዋዜማውን የመረጡት ዝም ብለው አልነበረም። በደብራችን ያ ቀን ማንም የማያከብረው፣ ባለቤት የሌለው ቀን ነበር።

ባዬ ከሰልፉ ዳር ሆኖ ጆሮውን አቁሞ ነበርና «አህያ የላቸውም እንዴ?» አለ።

«ነበሯቸው» አሉ። «አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ በአህያ ሊጭን ቢወርድ፣ ወለላይት አህያውን ከነጆሮው ዋጠችበት።»

ነገሩ በዚህ በቀረ ነበር። የገብርኤል ዋዜማ ሲደርስ ግን እናቴ፣ ያው ወጣትነት ነው፣ አባቴን «ክንዱ፣ ዛሬ እኮ ወለላይት ናት» አለችው። አባቴም እሷን ሊያስቅ እንስራዋን አዝሎ ወረደ። መንገድ ላይ ባዬ አገኘውና እንዲህ ሳቀበት፤ ሳቁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰማ። «እንግዲህ ቀሚስም ይፈልጉልህ» አለው።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ።

በረዶ እንደ ዝናብ አይደለም። በአንድ በኩል ይመታል፣ በሌላው በኩል ይምራል፤ የት እንደሚያርፍ እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። የዚያን ቀን የባዬን ገብስ አረሰው። ከጎኑ ያለውን፣ በድንበር ብቻ የሚለየውን የአባቴን ጤፍ ግን አንዲት ቅጠሉን አልነካውም። ሰዉ ወጥቶ አየ። በሚቀጥለው ወር የገብርኤል ዋዜማ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ እያንዳንዱ ወንድ ሌላው ሳያየኝ ብሎ እንስራ አዝሎ ቢወርድ፣ ሁሉም ወንዙ ዳር ተገናኙ።

መቼም ያን ጠዋት ያላየ አላየም ትላለች እናቴ። ገመዱን በደረቱ ማሳለፍ የማያውቅ፣ እንስራውን እንደ ጠቦት በእቅፉ ይዞ የሚወጣ፣ ግማሹን ውሃ በጀርባው ያፈሰሰ። ሴቶቹ ከአጥሩ ውስጥ ሆነው ነጠላቸውን ነክሰው ያያሉ። አባቴ እንስራ የሰበረውም ያን ጊዜ ነው። በማግሥቱ ወንዶቹ ዶማ ይዘው ወረዱና ዳገቱን ደረጃ ቆፈሩለት። ሴቶቹ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የወጡት ዳገት ነው፤ ወንዶቹ አንድ ቀን ወጡትና ደረጃ አስፈለገው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፣ ያስቀኛልም።

በጋ ሲገባ አንዳንዱ «አሁን እኮ የበረዶ ወቅት አይደለም» ብሎ ነበር። ባዬ ነው የገሠጸው፤ «ቂም በበጋ አይደርቅም» አለው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለም? ቀኑን ከሁሉ አብልጦ የጠላው ባዬ ነበር፣ ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀውም ባዬ።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ሰው ብቻ ያ ቀን ይጎዳው ነበር፤ እሱም እትዬ አቻምየለሽ። ወንድ ከቤታቸው የለ፣ ማን ይቅዳላቸው? ራሳቸው እንዳይወርዱ፣ የተረቱ ባለቤት ራሷ በዚያ ቀን እንስራ አዝላ ከታየች ነገሩ ሁሉ ያኔውኑ ይፈርሳል። ስለዚህ በፊተኛው ቀን ማድጋቸውን ይሞላሉ፤ ካለቀ አለቀ፣ ተጠምተው ይውላሉ። ለማንም አልተናገሩም። እናቴ አንድ ጊዜ እሳት ልትጭር ገብታ ከንፈራቸው ደርቆ አይታቸዋለች። «እንቅልፍ ነው» አሏት።

ዓመት ሞልቶ ጥቅምት ገባ። ጤፉ አምሮ ራሱን ደፍቷል። ነገሩን የቀሰቀሰው የባዬ አማት ናት። ከቡሬ ልጇን ልትጠይቅ መጥታ በዋዜማው ጠዋት ደጅ ተቀምጣ ሳለ፣ አማቿ እንስራ አዝሎ ከደረጃው ብቅ አለ። ደንግጦ ሊያዞር ሲል እግሩ አዳለጠውና ከነእንስራው ፊቷ ተዘረጋ። ሴትዮዋ ለማዘን ሞከረች፣ አልቻለችም፤ ሳቀች። አማት ፊት መብላት የሚያፍር ሰው፣ አማት ፊት በጭቃ ተለውሶ እንዴት ይቻለው?

ባዬ በቀጥታ ወደ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ሄደ። መሪጌታ የደብሩ ሊቅ ናቸው፣ ቅስናም አላቸው፤ ድምፃቸው መረዋ፣ ሆዳቸው ሰፊ፣ ቁጣቸው አጭር። ባዬ እንዲህ አላቸው፦ «ቀኑ የእግዜር ከሆነ በዐውደ ምሕረት ይነገረንና እንወቀው። ካልሆነም ይሻርልንና እንረፍ።» መሪጌታ ከቀኑ ይልቅ የእንቁራሪቶቹ ነገር ሲያንገበግባቸው ከርሞ ነበርና ወዲያው ተቀበሉት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ከዋርካው ሥር ተቀመጠ፤ ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። እትዬ አቻምየለሽ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከመሃል ቆሙ።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው» ብለው ጀመሩ መሪጌታ። «እንቁራሪቶች ካህናት ናቸው ብለሻል?»

«ብያለሁ አባቴ። ግን የአዳልጥ እንቁራሪቶች ናቸው። ዜማቸውም ከአንቱ አይደርስም።»

ከሴቶቹ ወገን ሳል የመሰለ ነገር ተሰማ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስለ ቀኑ ልጠይቅሽ። ወለላይት የምትያት ወንዝ አለች፣ ቀኗም ይከበራል ካልሽ ሐሰተኛ ነቢይት ነሽና እገዝትሻለሁ። እሳት የሚሰጥሽ፣ እግዜር ይማርሽ የሚልሽ፣ መሬትሽን የሚያርስልሽ አይኖርም። የለችም ካልሽ ደግሞ ቀኑ እዚሁ ይሻራል፣ አንቺም በሰላም ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ።» መስቀላቸውን ዘረጉላቸው። «ሳሚና ተናገሪ።»

ያን ጊዜ ሴቶቹ ሁሉ አዩዋቸው። እናቴ እኔን አዝላ ነበር። የለችም ይበሉ እንዳትል፣ አለች ይበሉ እንዳትል፤ ምን ብላ ትለምናቸው? አንዲት ቀን ናት። በወር አንዲት ቀን ጎሕ ሲቀድ ተኝቶ መስማት፣ የባልን እግር ኮቴ ቁልቁል ሲወርድ መስማት። እሷን ልታጣ ነው። የባዬ ሚስት እማዋይሽ፣ የምትናገር ሴት ያልነበረች፣ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች።

እትዬ አቻምየለሽ በተረት የፈለጉትን ያህል ይዋሻሉ። መስቀል ላይ ግን አንዲት ቃል አልዋሹም። መስቀሉን ስመው ቀና አሉ።

«የለችም» አሉ። «ፈጥሬያት ነው።»

«ስለ ምን?»

«ስናርም ነዋ አባቴ። ወገቤን አመመኝ። ቀና ብል ማሚቱን አየኋት፤ ሆዷ ከመሬት ሊደርስ ነው። ከዚያ አረም ተነሥታ ወንዝ እንደምትወርድ አውቃለሁ፣ እኔም እንዲሁ ወርጄ ሁለት ልጅ ከዳገቱ ላይ አስወርዶኛል። ወዲህ ባይ ወዲያ ባይ የሚያዝንላት ሰው አጣሁ። ዛዲያ ሰው ባጣ ወንዝ ፈጠርሁላት።»

መሪጌታ መስቀላቸውን ወደ እጀ ጠባባቸው መለሱና፣ የቀድሞው መረዋ በሌለበት ድምፅ፣ «እንግዲህ ሰምታችኋል። ግዝት የለም። ቀኑም የለም» አሉ።

ባዬ እፎይ አለ። እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ከወንዶቹ አንዱ «መልካም። ዛዲያ በመጪው ዋዜማ ሚስቱን ወደ ወንዝ የሚሰድ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ወንዶቹ ተያዩ። ከዋርካው ማዶ ጤፉ እስከ ዳገቱ ጫፍ ተኝቷል።

«ባዬ ነው እንጂ ያስሻረው» አለ አባቴ።

«እኔ አምና ተመትቻለሁ» አለ ባዬ። «ተራ አለ። ያልተመታ ይጀምር።»

«መሪጌታስ? አንቱ ይጀምሩልንና እንከተል» አለ ሌላው።

«የቤቴ ጉዳይ ለጉባኤ አይቀርብም» አሉ መሪጌታ፤ ካባቸውን ሰብስበው ተነሡ።

እትዬ አቻምየለሽ ይህን አልሰሙም፤ ቀድመው ሄደዋል። እማዋይሽ መንገድ ላይ ደርሳባቸው «ምን ነበር እትዬ፣ ዝም ብትሉ?» አለቻቸው። «መስቀል ነው እኮ እማዋይሽ» አሉና ከቤታቸው ገብተው አለቀሱ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ኋላ የነገሩን። ባላቸው ሲሞቱ እንኳን እንደዚያ አላለቀሱም።

ዋዜማው ነገ ሊሆን ሲል ማድጋቸውን አልሞሉም። ለምን ይሙሉ? ቀኑ የለም ተብሏል። ከዚያም ሌላ ነገር አስበው ነበር። ነገ ሴቶቹ ሁሉ ከደጃቸው ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ቀድማ የምትወርደው አንዷ ናት፣ እሷን ደግሞ የቀሩት ይጠሏታል። ቀኑን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ቀብሩም የኔ ነው ብለው ቆረጡ። ጎሕ ሲቀድ እንስራቸውን አዝለው ወጡ፣ ደረጃውን ወርደው ከግርጌው ደረሱ።

መጀመሪያ ያገኙት መሪጌታን ነው። ሽቅብ ይወጣሉ። በጋቢያቸው ተሸፋፍነዋል፣ ጀርባቸው ግን ጎብጧል፤ ጋቢው ከታች ይንጠባጠባል።

«እንዴት አደሩ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ መሪጌታ ሳይቆሙ። «ለጸበል ነው።»

ጸበሉ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነበር። እትዬ አቻምየለሽ መንገድ ለቀቁላቸው።

ከመሪጌታ ኋላ አባቴ ወጣ። ከአባቴ ኋላ ሌላው፣ ከሌላው ኋላ ሌላው፤ ሁሉም ዓይናቸውን ከእግራቸው ሳያነሡ እንዴት አደሩ እያሉ ያልፋሉ። በመጨረሻ ባዬ አዲስ እንስራ አዝሎ፣ በላብ ተጠምቆ ብቅ አለ። ጀርባቸው ላይ ያለውን ሲያይ ካለበት ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ውሃ ልቀዳ ነዋ።»

«ዛሬ?»

«መስቀል ስሜ ነግሬያችኋለሁ እኮ አያ ባዬ። ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ሰምተናል» አለ ባዬ፤ ተቆጥቷል። «አንቱ የለም ብለዋል፣ መሪጌታም የለም ብለዋል። ጤፉ ግን ገና አልታጨደም። ከታጨደ በኋላ እንነጋገርበታለን። ይልቅ ሌላው ሁሉ ሲጠብቀው አንቱ ሊሽሩት ነው? ነውር አይደለም?»

«ቤቴ ወንድ የለም። ማን ይቅዳልኝ?»

ባዬ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እስከዚያች ሰዓት አስቦት አያውቅም ነበር። «እስካሁን እንዴት ያደርጉ ነበር?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ እንስራውን ከደረጃው ጥግ አስቀመጠ፣ የሳቸውን ከጀርባቸው አወረደ፣ እያጉረመረመ ቁልቁል ሄደ። ሲመለስ የሳቸውን ሞልቶ አዝሎ ነበር። የራሱን ኋላ ተመልሶ ሊወስደው እዚያው ትቶት፣ ፊት ፊት ወጣ።

ጤፉ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። ስለ ቀኑ ማንም የተነጋገረ የለም። እኔ ለአቅመ አዳም ስደርስ የመጀመሪያዬን እንስራ ያዘለልኝ አባቴ ነው፣ ገመዱንም እንዴት እንደሚያሳልፉት ያሳየኝ እሱ። ይህ ግን የኋላ ነገር ነው።

ያን ጠዋት እትዬ አቻምየለሽ ባዬን ተከትለው ዳገቱን ጀመሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያን ዳገት በባዶ ጀርባ ወጥተውት አያውቁም ነበር። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ሄዱ። ደረጃው ሲጋመስ ጀርባቸው ላይ ምንም አለመኖሩ ትዝ አላቸውና ቀና አሉ። ጭጋጉ ተነሥቷል። የሰዉ ጤፍ፣ ከጤፉ ማዶ መንገዱ፣ ከመንገዱ ማዶ የቡሬ ባሕር ዛፎች፣ ከዚያም ወዲያ ተራራ በተራራ ላይ ይታያል።

«ይህ ሁሉ አገር እዚህ ነበር?» አሉ።

ባዬ እግሩን እግሩን እያየ ይወጣ ስለነበር ምን እንደሚሉ አላወቀም።